እትዬ መቀስ ብቻቸውን የተፈተኑ ዕለት

ነርሷ ልብስ ሰፊዋ ቤት የገባችው የአዲሱ ነጭ ጋዋኗ እጅጌ ጣቶቿን እየዋጠ አላሠራ ቢላት ነው። እትዬ መቀስ (ስሙን ሰፈሩ በሥራቸው ነው ያወጣላቸው) መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ከላይ እስከ ታች አይዋትና፣ «ምነው ልጄ፣ የአባትሽን ነው እንዴ የለበስሽው?» አሏት። ተሳሳቁ፤ ወግ ተጀመረ።

ነርሷ የምትሠራውን ስትነግራቸው ግን የእትዬ መቀስ እግር የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ቀጥ አለ። ልጅቷ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን የማስታወስና የማሰብ ችሎታ ትፈትናለች፤ ደምም ትወስዳለች። በእርጅና የአእምሮ መድከም ምን ያህሉ በዘር እንደሚወረስ ለሚያጠኑ ሰዎች ነው።

«እስካሁን በብዛት የተጠናው የሌላ አህጉር ሰው ደም ነው፤ የአፍሪካ አረጋውያን ደም ምን እንደሚል ገና ብዙ አይታወቅም» አለች።

«እኔንም ፈትኚኝ» አሉ እትዬ መቀስ፣ ክር እንኳ ሳይበጥሱ።

ምክንያት ነበራቸው። እናታቸውም ልብስ ሰፊ ነበሩ። መርሳት ሲጀምራቸው ደፍሮ የነገራቸው አልነበረም። ያበላሹትን ቀሚስ ልጆቻቸው ተደብቀው ፈትተው ይሰፉታል፤ የሰው ስም ሲጠፋባቸው ቀድመው ይጠሩላቸዋል። ከፍቅር ነው። እናት ደህና ነኝ ብለው አንድ ጠዋት ለብቻቸው ገበያ ወጡ፤ የተገኙት ሌላ ከተማ፣ አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ነው። እትዬ መቀስ ከመርሳቱ ይልቅ ይህ መሸፋፈን ያስፈራቸዋል።

የፈተናው ቀን ልጃቸውና ምራታቸው ተከትለው ጤና ጣቢያ መጡ። ጠባቧ ክፍል ውስጥ ከኋላቸው ተደርድረው ቆሙ።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው፣ እማማ?» አለች ነርሷ።

ልጅየው ጉሮሮውን ጠረገ። «ትናንት እኮ ማክሰኞ ነበር፤ ጊዜው እንዴት ይሮጣል!» አለ ለግድግዳው።

ነርሷ አምስት ቃላት ነገረቻቸው፤ ወንበር፣ ፍየል፣ ድልድይ፣ ሎሚ፣ ጃንጥላ። ሌላ ሌላ ስትጠይቃቸው ቆይታ ቃላቱን መልሳ ጠየቀቻቸው። አራቱን ጠሩና ቆሙ። ግንባራቸውን አሹ። ይሄኔ ምራትየው ጣራው የሚያፈስ ይመስል፣ ይዛው የመጣችውን ጃንጥላ ቀስ ብላ ከፈተች።

«ጃንጥላ!» አሉ እትዬ መቀስ። ወዲያው ፊታቸው ተቀየረ። ዞረው አዩ።

«ውጡልኝ!»

«እማዬ፣ እኛ እኮ ልናግዝሽ ነው።»

«አውቃለሁ። እናቴንም እንዲህ አግዘን አግዘን ነው መናኸሪያ ያደረስናት። የሚለካው የኔ ጭንቅላት ነው ወይስ የቤተሰቡ? አንተም ሳልህን ይዘህ ውጣ!»

በሩ ተዘጋ። ነርሷ ሌሎች አምስት ቃላት አወጣች። እትዬ መቀስ ለብቻቸው ተቀመጡ፣ ላባቸውን ጠረጉ፣ አራቱን አስታወሱ። አምስተኛው አልመጣም አለ።

«ልጠብቅዎት?»

«ተይው፤ ጠፍቶባታል ብለሽ ጻፊ» አሉ። ድምፃቸው ቀጥ ያለ ነበር።

ለዕድሜያቸው ደህና መሆናቸውን ነገረቻቸው። ደም ስትቀዳቸው፣ «ይሄስ እንደ እናቴ መሆን አለመሆኔን ይነግርሻል?» ብለው ጠየቁ።

«የእርስዎ ብቻውን አይነግረኝም። ከብዙ ሰው ደም ጋር ተደምሮ ነው የሚታየው። ዘር ወደዚያ ሊገፋ ይችላል እንጂ አይፈርድም፣ እማማ። የደም ግፊትን መቆጣጠር፣ በቂ እንቅልፍ፣ ከሰው ጋር መጫወትም ድርሻ አላቸው።»

«ጨዋታ ከሆነማ አልታማም!»

ውጭ እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተፋጠጡ።

«አራት አስታወስኩ፣ አንድ ረሳሁ። አለቀ። ከዛሬ ወዲያ የረሳሁትን የሚሸፍንልኝ ሰው ሱቄን እንዳይረግጥ» አሉ። ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞሩ። «አንቺ ነገ ነይና ልብስ መቁረጥ ተማሪ። አጠገቤ ሆነሽ፣ ስሳሳት በፊቴ ትናገሪያለሽ።»

«ከተቆጡኝስ፣ እማማ?»

«እቆጣሻለሁ እንጂ! አንቺም ትናገሪያለሽ።»

ልጅየው ሳቅ አመለጠው፤ ምራትየው ጃንጥላውን ብብቷ ውስጥ ወሸቀች። ነርሷ እስከ ውጭው በር ሸኘቻቸው።

«ለቀጣዩ ፈተና የዛሬ ዓመት እንገናኛለን፣ እማማ።»

«ምን ጥርጥር አለው!» አሉ እጇን ይዘው። «ያኔ አላውቅሽም ካልኩሽ ግን አፍረሽ እንዳትሄጂ። ማን እንደሆንሽ ንገሪኝና አጠገቤ ተቀመጪ፤ ወጉን ከሀ እንጀምረዋለን።»