ያላማተብሁበት ሊጥ

ጂንካ ጠዋት ጠዋት ጉም ይወርድባታል። ከተራራው ተንሸራቶ እንሰቱን ይሸፍንና የቤቶቹ ክዳን ብቻ ነጭ ነገር ላይ የተንሳፈፈ መስሎ ይቀራል። በዚያ ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በእግሬ የምሄድ አይመስለኝም ነበር፤ ሌላ ሰው በሕልሙ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር እንጂ። ከዚያ የዳቦ ቤቴ ጭስ ይሸተኛል፣ እግሬም መሬት ይነካል።

በሩ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመው ይጠብቁኛል። አንደኛዋ አቡኪዬ ናት፤ የአሪ ሴት፣ የልጆች እናት፣ እሑድ እሑድ በጸሎት ቤታቸው ከመዘምራኑ ፊት የምትቆም። ሁለተኛው ጋጋሪው ነው፤ ከሰው ይልቅ ምድጃውን የሚያነጋግር ቀልደኛ። እርሾው ሌሊቱን ኩፍ ብሎ ቢያድርም እኔ መጥቼ በስመ አብ ብዬ ሳላማትብበት ማንም እጁን አያስገባም። ሕግ ነው ብዬ አላወጣሁትም። ጎጃም እናቴ እንዲህ ስታደርግ እያየሁ አደግሁ፤ ባለቤቴ በመንግሥት ሥራ ተመድቦ ወዲህ ሲያመጣኝ ልማዱ አብሮኝ መጣ፤ እሱ ካረፈ በኋላ ዳቦ ቤቱን ስከፍት ደግሞ የሥራው ሁሉ መጀመሪያ ሆነ። የወር በዓል ሲውል ቅዳሴው ይረዝማል፣ ምድጃው እንጨት ይበላል፣ ዳቦ ፈላጊው ባጃጁን አቁሞ ይጠብቃል።

«ዛሬ ደግሞ የማን ነው እትዬ?» ይላል ጋጋሪው።

«የመድኃኔ ዓለም።»

«ሊጡም እያስቀደሰ ነው መሰለኝ፤ ገንዳው ውስጥ ተነሥቶ ቆሟል።»

አቡኪዋ ሳቋን በሽርጧ ትሸፍናለች። እኔ ቆጣ እላለሁ፣ ሆዴ ግን ደስ ይለዋል። እኔ ሳልኖር የማይጀመር ነገር መኖሩ ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ብቸኛ ሰው ሙቀት አለው።

አንድ ጊዜ ለአነስተኛ ነጋዴዎች በአዳራሽ ሥልጠና ተሰጥቶን ነበር። አሠልጣኙ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ወጣት ነው። «ማኔጅመንት»፣ «ቲም» ሲል ቆየና ወደ እኔ ዞሮ፣ «እርስዎ ባይኖሩ ሥራው ምን ይሆናል?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ያውቃል» አልሁት።

አዳራሹ ሳቀ። እሱ ግን፣ «እሱስ ያውቃል፤ ሠራተኞችዎስ?» አለ። ሻይ መጣና ጥያቄው ተረሳ።

የረሳሁትን ያስታወሰኝ የእህቴ ስልክ ነው። የእናታችን አንድ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል። ሁለተኛው ዓይኗ ኦፕራሲዮን ሊደረግ ነው፤ ሊበራም ላይበራም ይችላል ብሏል ሐኪሙ።

«ሳይነኩኝ በፊት ልጄን ልያት ትላለች» አለች እህቴ ከደብረ ማርቆስ። «ደግሞ ሥራ አለብኝ እንዳትዪ። ጂንካ ጥቂት ቀን ዳቦ ባይበላ ምን ይሆናል?»

በማግሥቱ አቡኪዋን፣ «ብሄድ ትይዢልኛለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። እጇን ከሊጡ ሳታወጣ መለሰችልኝ።

«እይዛለሁ እትዬ። ግን እኔ አላማትብም። እኛ ዓይናችንን ጨፍነን ነው የምንጸልየው፤ እኔ ደግሞ በአሪኛ ነው የምጸልየው። እንደኔ አድርጊ ካሉኝ ውሸት ይሆንብኛል። ያኔ ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

ሌላ ሰው አልነበረኝም። ደግሞም እውነቷን ነው። ነፍስ አባቴ ዘንድ ሄጄ ነገሩን ዘረገፍሁት።

«ዳቦው ለመቅደስ ነው ለሱቅ?» አሉኝ።

«ለሱቅ አባቴ።»

«ታዲያ ሴትዮዋ ሰይጣን ነው የምትጠራው?»

«ኧረ አባቴ። እንዲያውም ከእኔ ይልቅ የእሷ ጸሎት ይረዝማል።»

«እንግዲያው አንቺን የያዘሽ ሌላ ነገር ነው» አሉና መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳርፈው ወደ ሌላ ሰው ዞሩ።

መንገዱን ሙሉ ያንን ሌላ ነገር ፈለግሁት። ጉሙ ሳይገፈፍ አገኘሁት። ሥራው ያለ እኔ ይበላሻል ብዬ አልነበረም የምፈራው፤ ያለ እኔ ቢያምርስ ብዬ ነበር።

ከመሄዴ በፊት አንድ ጠዋት «ያለ እኔ ጀምሩ» ብያቸው ለሙከራ ከክፍሌ ላልወጣ ወሰንሁ። ክፍሌንና ማቡኪያውን የሚለየው የጭቃ ግድግዳ ነው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አዳመጥሁ። ጸሎቷ እንደ ወንዝ ይወርዳል፤ ቃሉን አላውቀውም፣ በመካከሉ ግን ስሜን ሰማሁ።

«አሜን በይና እንግባ፤ ምድጃው ነዷል» አለ ጋጋሪው።

ከዚያ ውኃ ሲቀዳ፣ ሊጥ ሲመታ።

«አልበዛም ውኃው?» አለ ጋጋሪው።

«አልበዛም።»

«እትዬ እዚህ ላይ ያቆሙ ነበር።»

«እትዬ የሉም።»

«አሉ፤ ሲተነፍሱ ይሰማኛል።»

ትንፋሼን ዋጥሁ።

«እንግዲያው ሰምተው ዝም ካሉ አልበዛም ማለት ነው» አለች።

በዝቶ ነበር። ከድምፁ አውቄዋለሁ። እጄ የበሩ መወርወሪያ ላይ ነው፣ እግሬ ጫማ አድርጓል። እመ ብርሃን ያዥኝ አልሁና ተመልሼ ተቀመጥሁ።

ዳቦው ተዘርጥጦ ወጣ። አንዱ ደንበኛ፣ «ምንድነው ይሄ፣ ቂጣ መሸጥ ጀመራችሁ?» ሲል ተሰማኝ።

«የዛሬው የእኔ ነው» አለችው አቡኪዋ ረጋ ብላ። «ውኃ አብዝቼ ነው፤ ነገ ይስተካከላል። አሁን ትኩስ ነው፣ ይብሉት።»

እያጉረመረመ ይዞ ሄደ። በዚያ ቤት ውስጥ «የእኔ ነው» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሰው ማስተዳደር ከሁሉ ቀድሞ መነሣት ይመስለኝ ነበር፤ ቀድሜ እየተነሣሁ ለሌላው የሚሆነውን ቦታ ሁሉ እኔው ይዤው ኖሬያለሁ። ያን ዕለት ቁልፉን ሰጠኋት፣ የአውቶቡስ ቲኬትም ቆረጥሁ።

የኮንሶን እርከኖች በእንቅልፍና በንቃት መካከል አለፍኋቸው። አርባ ምንጭ ስደርስ ለአቡኪዋ ደወልሁ።

«ሊጡን ገና ጎህ ሲቀድ ጀመርን እትዬ» አለችኝ። «እዚህ ቤት ከመጣሁ ዛሬ ገና ሥራ በጊዜ ገባሁ ይላል ጋጋሪው።»

ስለ ውኃው ልጠይቅ ነበር። ከአፌ መልሼ፣ «ልጆችሽ ደህና ናቸው?» አልኋት። ስለ ልጆቿ ብዙ አወራችኝ፤ እስከዚያ ቀን ጠይቄያት አላውቅም መሰል።

ማርቆስ ስደርስ እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነበር። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችውና በቀረው ዓይኗ ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ የሸበተውን ጠጉሬን።

«ወፍረሻል» አለች በመጨረሻ። «መቼ ልትመለሽ ነው?»

«ፋሻው እስኪነሣ አለሁ» አልኋት።

እጇን ከፊቴ ላይ አላነሣችም።