አያ ኪሮስ ያልማሉበት ማክሰኞ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴ ኃጢአቴን የማቀርበው ፍየል ለገበያ እንደማቀርበው ነው፤ ደህና ደህናውን ከፊት፣ አንካሳውን ከኋላ። «ዓርብ ቀን ወተት ያለበት ሻይ ጠጣሁ» እላቸዋለሁ። «ሰው ሰደብኩ» እላቸዋለሁ። እሳቸውም ስግደት ይሰጡኛል፤ እኔም ሰግጄ፣ ወገቤን ይዤ፣ ጻድቅ ሆኜ ወደ ቤቴ እገባለሁ። አንካሳዋ ግን ይኸው ስንት ዓመት ከኋላ እንደቆመች ናት።

ሰቆጣ ውስጥ ፍየል ነጋዴ ነኝ። ማር ሲገኝ ማር፣ ቆዳ ሲገኝ ቆዳ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ያስተማረኝ ገበያ ነው። ገበያ ክፍል አያስደግምም፣ ያከስራል እንጂ። ክርስቲያን ነኝ። እሑድ አስቀድሳለሁ፣ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፣ ጽዋ ማኅበርም አለኝ። ማክሰኞ ግን ገበያ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ጫማዬን አወልቃለሁ፤ ገበያ ስገባ ደግሞ ክርስትናዬን። ማታ ሁለቱንም አጥልቄ እገባለሁ።

ማክሰኞ የምምል ሰው ነበርኩ። «ሚካኤልን፣ በዚህ ዋጋ ከስሬ ነው የምሸጥልህ!» እላለሁ፣ አትርፌ። «እመቤቴን፣ ይቺ ፍየል ሁለት ጊዜ መንታ ወልዳለች!» እላለሁ፤ ፍየሏን መጀመሪያ ያየኋት የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው።

አያ ኪሮስ ግን አይምሉም ነበር። ከኒሯቅ ወዲያ፣ አበርገሌ ቆላ ውስጥ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ፍየሎቼን ለርቢ የሰጠሁት ለሳቸው ነው፤ እሳቸው ይጠብቃሉ፣ የተወለደውን እኩል እንካፈላለን። ውል አልጻፍንም። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ግልገል ጎድሎብኝ አያውቅም። ገበያ ሲመጡ ከጎኔ ቆመው መሐላዬን ይሰሙና፦

«አንተ ልጅ፣ ሚካኤልን ደላላ አደረግኸው እኮ! ኮሚሽኑንስ ትሰጠዋለህ?» ይሉኛል። ሰዉ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ።

እሳቸው ሲሸጡ «ይቺ መካን ናት፤ ለሥጋ ከሆነ ውሰዳት» ይላሉ፤ ገዥው ትቷቸው ይሄዳል። አንድ ቀን «እውነት ሲሆን እንኳ ለምን አይምሉም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እውነት ከሆነ አዎ ማለት አይበቃም?» አሉኝ። «ወንጌሉም አትማሉ ነው የሚለው።» ይህን ቃል በልቤ ያዝኩት። ለነፍሴ ብዬ ግን አልነበረም።

አንድ ዓመት፣ ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል፣ ቆላው ላይ የፍየል በሽታ ገባ። ለርቢ የተሰጠ ፍየል ሲሞት ጠባቂው ቆዳውን ለባለቤቱ ያመጣል፤ ምስክሩ ቆዳው ነው። አያ ኪሮስ የሞቱትን ቆዳ ተሸክመው መጡ። «የሦስቱ የለም» አሉኝ። «ገደል ሥር ሞተው ጅብ በላቸው።»

እውነታቸውን ነበር። እኔም አውቅ ነበር። ልድገመው፦ አውቅ ነበር። ጥቂት ቀደም ብሎ የዚያው አገር ሰው ማር ሊሸጥልኝ መጥቶ፣ «የኪሮስን ፍየሎች ጅብ ጨርሷቸው ቀንዳቸውን ብቻ ገደሉ ሥር በዓይኔ አየሁ፤ ሰውዬው ራሳቸውን ይዘው ተቀምጠዋል» ብሎኝ ነበር። ማሩን ተቀብዬ ሸኘሁት። ወሬውን ለራሴ አስቀረሁት።

ታዲያ ለምን? ለፋሲካ ፍየል ላቀርብ ለአንድ ሆቴል ቃል ገብቼ ነበር። ሦስት ጎደለኝ፤ ቃሌን ማጠፍ አፈርኩ። እዩልኝ እንግዲህ፣ ለሆቴል ያፈረን ሰው!

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሽማግሌ ሰበሰብኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ወይራው ሥር ተቀመጡ። እኔ ቆሜ እንዲህ አልኩ፦ «አያ ኪሮስ ሸጡ አላልኩም። አባቴ ማለት ናቸው። ግን ቆዳ የለም። ሞቱ ካሉ ይማሉልኝ፤ ከማሉ ትቼዋለሁ፤ ካልማሉ ይተኩልኝ።» አነጋገሬ እንዴት ቅን ይመስላል! ሽማግሌዎቹ «ከዚህ ወዲያ ምን ፍርድ አለ» አሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል እንደማይምሉ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«በል ኪሮስ፣ ማልና ተገላገል» አላቸው አንደኛው።

«ሞተዋል ብያለሁ። ሞተዋል።»

«እሱንማ ሰማን። ማል ነው የተባልከው።»

«አልምልም።»

«ለሦስት ፍየል?»

«ለሦስት ፍየልማ እንዴት ብዬ እግዜርን እጠራዋለሁ?»

ወደ እኔ ዞር አሉ። ያወቁብኝ ይመስለኛል። እኔም መሬት መሬት አየሁ።

በሕማማት ማክሰኞ ሦስት የገዛ ፍየሎቻቸውን ነድተው አመጡልኝ፤ ያውም መርጠው፣ የሚታለቡትን። ይሁዳ ጌታን በመሳም ስለሸጠ በዚያ ሳምንት ሰው አይሳሳምም። እኔን ተመቸኝ። ገመዱን ተቀበልኳቸው። እሑድ ነጭ ለብሼ ከሰው ሁሉ ጋር እልል አልኩ።

ክፉው ነገር ግን ከዚያ በኋላ መጣ። በእኛ አገር ማል ተብሎ እምቢ ያለ ሰው በልቷል ማለት ነው። ወሬው አያ ኪሮስን ቀድሞ ኒሯቅ ገባ። ለርቢ ፍየል የሰጧቸው ሁሉ አንድ በአንድ መጥተው ነዱ። እኔም የቀሩኝን ነዳሁ፤ ባልወስድ ሰው ምን ይለኛል? ኋላ ድርቁ ሲመጣ የራሳቸውንም ሸጡ። አንድ ጊዜ ከገበያው ዳር ቆመው አየኋቸው፤ ሰው ሰላም ይላቸዋል፣ ማንም ግን አምኖ ፍየል አይሰጣቸውም። እንደዚያው እንዳሉ አረፉ። ቀብራቸው ላይ አለቀስኩ፤ ድምፄ ከሁሉም በላይ ነበር። እንባው የእውነት ነበር? እኔም አላውቅም።

አምና ሦስት ፍየል ገዝቼ ወደ አያ ኪሮስ ሚስት ወደ እትዬ ለተብርሃን ወረድኩ። ሰው እንዳያየኝ በጓሮ ገባሁ።

«ለአያ ኪሮስ ነፍስ ብዬ ነው» አልኳቸው።

«ለሱ ነፍስ ነው ላንተ ነፍስ?» አሉኝ። ፍየሎቹን ዞረው አዩዋቸው። «ምነው፣ ጅቡ ተፋቸው እንዴ?»

የገመዱን ጫፍ ዘረጋሁላቸው።

«ስሙን ሽማግሌ ሰብስበህ ወሰድክ፤ ፍየሉን በጓሮ ታመጣለህ? በል በመጣህበት ንዳቸው። የልጄን ልጅ እንኳ ‹የዚያ ያልማለው ሰው ዘር› ነው የሚሉት።»

ነዳኋቸው። ያን ዳገት እንደዚያን ቀን ሆኜ ወጥቼው አላውቅም። ሁልጊዜ ራሴን «ማክሰኞ ማክሰኞ እግዜርን እረሳዋለሁ» እያልኩ እወቅስ ነበር። ለካ ይሄም ራሴን ማሞካሸት ኖሯል። ረስቼው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አልረሳሁትም፤ ሠራሁበት። የሰውዬውን እምነት በደንብ አውቄ፣ ለክቼ፣ እሱኑ ማጥመጃ አደረግሁት። እሳቸው ማክሰኞም እሑድም አንድ ሰው ባይሆኑ ኖሮ ተንኮሌ አይሠራም ነበር።

ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ በሕይወት አሉ። የፊታችን ማክሰኞ፣ ገበያው ሞቅ ሲል፣ ወይራው ሥር እንዲቀመጡልኝ ለምኛቸዋለሁ። ለእትዬ ለተብርሃንም እንዲመጡ መልእክት ልኬላቸዋለሁ። ሽማግሌዎቹ ‹ደግሞ ከማን ጋር ተጣላ› ብለው ይሳቀቃሉ። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት እግሬን ስለማላምነው ነው፤ አሁን እናንተ ካወቃችሁ መሸሻ የለኝም።

ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ከአያ ኪሮስም ይቅርታ የምቀበልበት ቀን አልፏል። ነገር ግን ሰቆጣ ወይም አበርገሌ ውስጥ «ኪሮስ ማል ቢባል እምቢ አለ» የሚል ሰው ብትሰሙ፣ እባካችሁ ዝም አትበሉት። አዎ አልማሉም፣ ፍየሎቹንም ጅብ ነው የበላቸው በሉት። ማን ነገራችሁ ካለ፣ ጌታወይ የሚባል ፍየል ነጋዴ፣ እያወቀ ይማሉ ያላቸው፣ እሱ ራሱ ነገረን በሉት።