የባንቺአየሁ ዳማ በቅሎ

ኅዳር 14 ቀን 1931 ዓ.ም. ጠዋት ጸሐፊ ክንዱ ከጭነት ሥር የሚነጠፍ መደላድል ሦስት ጎኑን ሰፍተው፣ አራተኛውን ሳይዘጉ፣ ወስፌውን እንደተሰካ ትተው ተነሡ። ያስጠራቸው ተስፋው ነበር፤ ለጣሊያን ያደረ የባንዳ አለቃ።

ሃያ ሁለት ዓመት የቡሬ ኬላ ጸሐፊ ነበሩ። የሚያልፈውን የጭነት ከብት መልኩንና ምልክቱን፣ ቁስሉን ሳይቀር ይጽፉ ነበር፤ በአንድም ከብት ዋሽተው አያውቁም። በ1927 ሥራውን ተሰናብተው ወደ ትውልድ መንደራቸው ገቡ፤ ያኔ ወጀት፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምትባለው ከተማ አጠገብ። ከዚያ ወዲህ ጀርባው በጭነት የተላጠውን የአገሬውን በቅሎ ሁሉ ያለ ዋጋ ያክሙ ነበር። ከብቱ እንዳይሸሻቸው አስቀድመው ጨው ያስልሱታል፤ ወደ ጨው ሲጠሩት ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

አደባባዩ ላይ አንዲት ዳማ በቅሎ ታስራ ቆማለች። ከጤፍ ሥር ጥይት ጭና ላህ ወንዝ መሻገሪያ ላይ ተይዛ፣ ነጂዋ አምልጧል። ጸሐፊ ክንዱ ገና ከሩቅ አወቋት። የጎረቤታቸው የባንቺአየሁ ናት፤ ክረምቱን እሳቸው ግቢ ስትታከም ከርማለች። እውነቱን ቢናገሩ ባንቺአየሁ ትሰቀላለች።

«ጸሐፊ፣ እርስዎ የማያውቁት በቅሎ በአገሩ የለም ይላሉ። የማን ናት?»

«አላውቃትም።»

«አረጁ መሰለኝ!» ተስፋው ሳቀ። «እንግዲያው ራሷን እንጠይቃታ። ፍቷት! ቤቷ የሚጠፋት በቅሎ አላየሁም።»

በቅሎዋ መንገዱን ይዛ ሄደች። ተስፋውና ጠመንጃ ያዦቹ ክንዱን መካከል አድርገው ተከተሏት። ግራሩ ሥር መንገዱ ይከፈላል፤ ቀኙ ወደ ክንዱ፣ ግራው ወደ ባንቺአየሁ። በቅሎዋ ጆሮዋን አቁማ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ወደ ግራ ሁለት እርምጃ ተራመደች።

ክንዱ ወደ ቀኙ መንገድ ፈቀቅ ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ምነው፣ አዘኑላት?» አለ ተስፋው።

«ጀርባዋን አታይም? እንዲህ ተልጣ ከንፈር የማይመጥጥላት ማን ነው?» ደግመው መጠጡ።

በቅሎዋ ዞረች። በሶምሶማ አልፋቸው፣ ግቢያቸው ገብታ ጨው የምትልስበት ድንጋይ ሥር ቆመች።

«አላውቃትም አላሉኝም?»

«ፈርቼ ነው። የእኔ ናት።»

«ነጂውስ?»

«መንገደኛ ነው። ስሙን አልጻፍሁትም።»

ባንቺአየሁ ከአጥሩ ማዶ ሁሉንም ሰማች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

አስረው ቡሬ ወሰዷቸው፤ ቡሬ ከገቡ ወዲያ ጸሐፊ ክንዱን ያየ የለም። በእስረኞች ዝርዝር ላይ ስማቸው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ኅዳር 15 ቀን፣ ሰፍሯል፤ ተከታዩ ገጽ አልተገኘም።

ከመንደሩ ከመውጣታቸው በፊት ግን «በቅሎዋን ውሃ ላጠጣት፤ በጥሟ ቡሬ አትደርስም» ብለው ነበር። ጥይቱን ተጭና ቡሬ የምታደርሰው እሷ ነበረችና ተስፋው ፈቀደ። ክንዱ ሁለት ጠመንጃ ያዦች አስከትለው እስከ ምንጩ ሳቧት፤ እስክትጠግብ ጠበቋት፤ ጀርባዋን አጠቡላት፤ መልሰው አምጥተው ገመዷን ለአንዱ አስያዙ።