ሰምቼ አልሰማሁም ያልኩት

ይህን ነገር አስራ ስምንት ዓመት ለማንም ሳልተነፍስ ይዤው ኖርኩ። የንስሐ አባቴ ስንት ጊዜ «ሌላስ?» ብለው ጠይቀውኛል። ስንት ጊዜ «ሌላ የለም» ብያለሁ። ነበረ።

እኔ ሸማ ተራ የሐበሻ ቀሚስ የምጠልፍ ሰው ነኝ። ቤቴ መሳለሚያ ነው። ግርማና ብርቄ ጎረቤቶቼ ነበሩ፤ ልጃቸውን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ አበልጆቼም ነበሩ። ቤታችንን የሚለየው አንድ ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነበር። ግርማ ብርቄን ሲመታት እሰማ ነበር። አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ እሁድ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ምሳ ቀርቦ እሰማ ነበር። እሷ አትጮህም። የምሰማው ዱላውን ነው። እኔስ ምን አደርግ ነበር? አነብ ነበር።

ያኔ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት የአንድ ሩሲያዊ ደራሲ መጽሐፍ ከእጄ አይለይም። ስለ ሰው ተፈጥሮ፣ ስለ እምነት፣ ስለ መከራ የሚመራመር ነው። ሰው መከራን በፍቅር ሲቀበል ወደ አምላኩ ይቀርባል የሚለውን ገጽ በእርሳስ አስምሬበት ነበር። የሸማ ተራ ሰው «ምሁሩ» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ብርቄ ሱቄ ድረስ መጣች። ልትፈታው እንደሆነ፣ ሽማግሌ እንደሚቀመጥ ነገረችኝና የሰማሁትን እንድመሰክርላት ለመነችኝ። ከእኔ በቀር የሰማ አልነበረም። ምን አልኳት? ታገሺ አልኳት። መከራ ሰውን ያጠራል አልኳት። መጽሐፉንም ገልጬ አነበብኩላት። ቆማ ሰማችኝ።

ሽማግሌዎቹ ሐጂ ኑሩ ሱቅ ተቀመጡ። ሐጂ ከወሎ የመጡ የጋቢ ነጋዴ ናቸው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ጠቡን የሚያበርደው እሳቸው ዘንድ ነው።

«ግድግዳ የምትጋራቸው አንተ ነህ። ሲመታት ሰምተህ ታውቃለህ?» አሉኝ ሐጂ።

«አልሰማሁም» አልኩ።

ብርቄን ቤቷ መለሷት። በሦስተኛው ወር ግራ ዓይኗ ጠፋ።

ለምን ዋሸሁ? ግርማን ፈርቼ? አይደለም። አበልጅነቱ እንዳይፈርስ? እሱም አይደለም። ዝም ብላ ስትችል ሳያት ያ መጽሐፍ ነፍስ ዘርቶ የቆመ መሰለኝ። መከራዋ አምሮ ታየኝ። እኔን ምንም ሳይነካኝ እሷ ስትጸድቅ ማየት ፈለግሁ። ከዚህ የከፋ ምን አለ?

ዓይኗ ከጠፋ በኋላ ልጇን ይዛ ጥላው ወጣች። አምና አፈላልጌ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ በርበሬ ስትሸጥ አገኘኋት። እንደሰማሁ፣ እንደዋሸሁ፣ ለምን እንደዋሸሁም ነገርኳት። በርበሬዋን መቀንጠሷን አላቋረጠችም።

«ጋሼ፣ ምን ቆሽሼ ነበር የምጠራው?» አለችኝ።

ይቅርታ ልለምን ስል ቀደመችኝ።

«መስማትዎንማ እኔ ያኔም አውቅ ነበር። የዋሹበት ቦታ ሄደው ይናገሩ።»

ሄድኩ። ሐጂ ኑሩ አርጅተዋል፤ ከቀሩት ሽማግሌዎች ጋር ግርማንም አስጠሩልኝ። ፊቱ ላይ ሰምቻለሁ፣ ዋሽቻለሁ አልኩ። ግርማ ተነስቶ ወጣ። ሐጂ ኑሩ መሬት መሬት እያዩ፣ ያን ዕለት ፊቴን አይተው ተጠራጥረው እንደነበር፣ ዝም ማለታቸው የሳቸውም ጥፋት እንደሆነ ተናገሩ። አንደኛው ሽማግሌ ግን ያለፈ ነገር መቆስቆስ ምን ይጠቅማል፣ እግዜር በመከራዋ ያሰበላት ነገር ይኖራል አሉ።

«አምላክን እዚህ ውስጥ አያስገቡት» አልኳቸው። «ዱላው የግርማ ነው። ውሸቱ የእኔ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ተራው ሰላምታ ነስቶኛል። የአበልጁን ገመና ያወጣ ይሉኛል። ይበሉ። ያ ሩሲያዊ በራሱ ላይ ስለደረሰው መከራ ከጻፈ የጻፈው እውነት ሊሆን ይችላል፤ የራሱ ነው። እኔ ግን የጽድቅ መንገድ ብዬ ያስተማርኩት በሌላ ሰው ገላ ላይ ነው። መጽሐፉ አሳሳተኝ አልልም። ማንበብ የምችል፣ መስማትም የምችል ሰው ነበርኩ።

አንተም ይህን የምታነብ፣ ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅርታው የአንተ አይደለም። የእሷ ነው፤ እሷንም አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት እሺ ትለኝ ይሆናል፤ ስትችል የኖረች ሴት ናት። እኔን ደግሞ ቻይኝ አልላትም።