ያወረድኩት እጅ

አትሳቁ! «ሽማግሌው በእግሩ ያስባል» እያላችሁ ትቀልዱብኛላችሁ አሉ። ተቀመጡና ስሙ።

ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነው፤ ሣሩ ከሰው ቁመት የሚበልጥበት፣ የጠዋት ጤዛ ሱሪ የሚያበሰብስበት ጊዜ። ከጁባ ከተማ ወንዙን ተሻግሮ ያለ መንደር፣ አንድ ብቸኛ ጎሽ ሰው ወግቶ ገደለብንና ድረሱልን ብለው ላኩብን። ሦስት ሆነን ሄድን፤ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜ ቾል፣ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሙኑኪ ሰፈር አጠገባችን የተከራየ አንድ የመንገድ ኢንጂነር። ሰውዬው አዲስ ጠመንጃ ነበረው፣ ስልኩ ላይም ካርታ። ትዕግሥት ግን አልፈጠረበትም።

እኛ አዳኞች አንድ ሕግ አለን። ፊት የሚሄደው እጁን ካነሳ ሁሉም ባለበት ይቆማል። ለምን አይባልም፤ ጥያቄ ከአደኑ በኋላ ነው። ይህንን ሳንነሳ ነግሬዋለሁ። «መፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» ብሎኛል።

ገና ጎህ ሲቀድ ቸኩሎ ተኮሰና ጎሹን ሆዱ ላይ አቆሰለው። ደሜ ፈላ፤ ግን የቆሰለ ጎሽ ለመንደር ጥሎ አይኬድም። ኮቴውን ተከትለን ሣሩ ውስጥ ገባን። ኮቴው ጥርት ብሎ ወደፊት ይሄዳል፣ ዓይኔም እሱ ላይ ነው። ድንገት እግሬ ቀጥ አለ፤ እጄም ሳላዛት ተነሳች።

ቾል ቆመ። ኢንጂነሩ ግን «ምን አየህ?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«ምክንያት ከሌለህ ፈራሁ በላ!»

እኔ ደደቡ ምክንያት ስፈልግ አጣሁ፤ ስላጣሁትም የሌለ መሰለኝ። እጄን አወረድኩ። «ያላ፣ እንሂድ» አልኩ።

አምስት እርምጃ እንኳ አልሄድንም። ጎሹ ከፊት ሳይሆን ከግራ ወጣብን። ቾል ገፍትሮ ጣለኝና እሱ እኔ የነበርኩበት ላይ ቀረ። ሁለት ጊዜ ተኮስኩ። ጎሹ የወደቀው የወንድሜን እግር ከሰባበረ በኋላ ነው።

ኢንጂነሩ መኪና ሊያመጣ ሲሮጥ የቾልን ጭን በሸሚዜ አስሬ ቀና አልኩ። እጄን ያነሳሁበት ቦታ ታየኝ። ሣሩ ሁሉ በጤዛ ያበራል፤ ከተከተልነው ኮቴ ሌላ በስተግራ አንድ መስመር ብቻ ጤዛው ረግፎ ደብዝዟል። ጎሹ ወደፊት ሄዶ፣ ዞሮ ተመልሶ፣ በገዛ ኮቴው ዳር አድፍጦ ሲጠብቀን ኖሯል። ዓይኔ ይህን አይቷል! ለእግሬ ነግሯል፣ ለእጄ ነግሯል፤ ለእኔ ለመንገር ጊዜ አጥሮት ነው። የኔ ሥራ ቆሜ ዙሪያዬን ማየት ብቻ ነበር። ውስጥህ ያስቆምሃል፣ ጭንቅላትህ ደግሞ ቆሞ ይፈልጋል። እኔ ግን ጭንቅላቴን ለክርክር አዋልኩት።

የቾል እግር ተቆረጠ። ኢንጂነሩ ዛሬም ባገኘኝ ቁጥር «ያን ቀን ምን ነበር ያየኸው?» ይለኛል። «ጤዛ» እለዋለሁ፣ በንዴት።

ቾል የጠየቀኝ አንዴ ብቻ ነው፤ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ። «ወንድሜ፣ እጅህን ለምን አወረድክ?»

ፈሪ እንዳልባል ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። እስከ ዛሬ አላልኩትም።