ሳሎን የገቡት ጎማዎች

አምና ለመኪናዬ አራት ትርፍ ጎማ ገዛሁ። ቱላ ሰፈር የተከራየነው ቤት ዕቃ ቤት ስለሌለው ግቢው ውስጥ ደረደርኳቸው። ዝናብ በጣለ በሳምንቱ አከራያችን፣ አዛውንት ሴት ናቸው፣ በራችንን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ጎማህ ውሃ ቋጥሮ ትንኝ እየፈለፈለ ነው። በወባ ልታስጨርሰን ነው?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። አጥቤ ሳሎን አስገባኋቸው። ባለቤቴ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ሁለት ሁለቱን ደራርባ ጥልፍ ጨርቅ አለበሰቻቸው፤ ትንንሽ ጠረጴዛ መሰሉ።

እሑድ ከሰዓት የጸሎት ቡድናችን እኛ ቤት ተሰበሰበ። ወንበር አነሰ። ጸሎት ተጀምሮ ሁሉም ዓይኑን እንደጨፈነ፣ የቤተ ክርስቲያናችን አንድ ግዙፍ ሽማግሌ መቆም ደክሟቸው ጨርቁ ላይ ተቀመጡ። ቀስ ብለው እስከ ወገባቸው ሰመጡ፤ ጉልበታቸው ከአገጫቸው ጋር ተገናኘ። ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ዓይኔን አልጨፈንኩም ነበርና። ልነሳ ስል በእጃቸው «ተው፣ ይጨርሱ» የሚል ምልክት ሰጡኝ። የዚያን ዕለት ጸሎት ደግሞ ለአገሩ ሁሉ ነበር።

«አሜን» እንደተባለ ለሦስት ጎትተን አወጣናቸው። ባለቤቴ በኀፍረት ፊቷን ሸፈነች። እሳቸው ሱሪያቸውን አራግፈው ጨርቁን ገለጥ አደረጉና፣

«ቦታ ጠቧችሁ ነው? ሐይቅ ዳር እኔ ቤት ባዶ ክፍል አለ፤ እዚያ ይቀመጥላችሁ» አሉን።

አመስግኜ ሳልጨርስ ባለቤቴ አንዱን ጎማ ራሷ እያንከባለለች ወደ በሩ ሄደች።