በተራራው ላይ የጨመርኳት ጭስ

ጂንካ ላይ ተራራ ለመሳል ማልዶ መነሳት ነው። ረፈድ ካለ የአሪን ተራሮች ደመና ይሸፍናቸውና በቦታቸው የሌሉ ይመስላሉ። ሸንተረር በሸንተረር ላይ እንደታጠፈ ጋቢ ተደራርቦ፣ አንዱ እጥፋት ሰማያዊ፣ ሌላው አመድማ ሆኖ ይታያል። የስዕል አስተማሪ ሆኜ እንደተመደብኩ ዓይኔ እዚያ ቀረ። በየማለዳው ከተማው መሃል ባለው የአውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ ተቀምጬ እስል ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ መልኩ ከትናንቱ ገጥሞልኝ አያውቅም።

ለአብዮት በዓል የመድረክ መጋረጃ እንድስል ታዘዝኩ። አቡጀዲው ላይ ከፊት ገበሬና ወዛደር፣ ከኋላ ተራራዬን አስገባሁ። በስተቀኝ ያለው ሸንተረር ግን ባዶ ሆነብኝ። ዓይን የሚያርፍበት ነገር ይኑር ብዬ አንዲት ቀጭን ጭስ ጨመርኩበት። በዓይኔ አላየኋትም፤ ከራሴ ያወጣኋት ናት። ስጨርስም ኮርቼባት ነበር።

በበዓሉ ማግስት ካድሬው ቢሮው አስጠራኝ። መጋረጃው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ጣቱን ጭሷ ላይ አሳርፎ፣

«እዚህ መንደር የለም። ጭስ ካለ ደግሞ ሰው አለ። ማነው ያለው፣ ጓድ መምህር?» አለኝ።

ያን ሰሞን ከብሔራዊ ውትድርና የሸሹ ልጆች ጫካ ገብተዋል ይባል ነበር።

«ለማሳመር ብዬ ነው» አልኩ።

«ጠዋት ጠዋት ተራራ ስታይ የምትቀመጠው አንተ ነህ። ወይ አይተሃል፣ ወይ ትደብቃለህ።»

ከቢሮው ጀርባ ያለውን እስር ቤት አውቀዋለሁ፤ ሁለት ባልደረቦቼ ገብተው አልወጡም። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ፣ እናቴ ደግሞ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። በመስኮቱ ወደ ተራራው አየሁና ሰው አይደርስበትም ያልኩትን ገደላማ ቦታ በጣቴ አሳየሁት።

«እዚያ አካባቢ መሰለኝ» አልኩ።

ሚሊሻዎቹ ወጥተው ሦስት ቀን ቆዩ። ባዶ እጃቸውን ቢመለሱ ዋሽተሃል ብለው ያስሩኛል። ሰው ቢያገኙስ? እሱን ማሰብ አልፈለግኩም። በር በተንኳኳ ቁጥር ሊይዙኝ መጡ እላለሁ።

በአራተኛው ቀን እጃቸውን የፊጥኝ የታሰሩ ሁለት ልጆች ይዘው ወረዱ። አንደኛው ተማሪዬ ነበር። በአጠገቤ ሲያልፍ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «እንደምን ዋሉ፣ መምህር» አለኝ።

በሳምንቱ እናቱ ከላይ ከአሪ መንደር ወርዳ ደጄ ላይ ቆመች። በቅል ማር ይዛለች። አማርኛዋ ጥቂት ነው።

«ልጄ አንተን ይወዳል። እነሱ አንተን ይሰማሉ። ሂድ፣ ለምንልኝ» አለች።

«ነገ እሄዳለሁ» አልኳትና ማሩን ተቀበልኩ።

አልሄድኩም። ካድሬው በዚያው የቢሮው መስኮት ፊት አቁሞኝ፣ ሌላስ የት አይተሃል ይለኛል ብዬ ፈራሁ።